የድምፅ ንግድም መዝገብ ይኑረው

ከአንድ የሮብ ገበያ ባለሱቅ



ባለፈው ረቡዕ እንደ ልማዱ ገበያው ሞልቶ ነበር። ከጮቄ ግርጌ ገብሱንና ድንቹን፥ በጉንና ቅቤውን የያዘ ሰው ሁሉ ወደ ሮብ ገበያ መጥቶ ሲሸጥና ሲገዛ ዋለ። ከሱቄ አጠገብ አንድ ወጣት በትንሽ ጠረጴዛ ላይ ድምፅ ማጉያውን አቁሞ፥ ለመጣው ሰው ሁሉ በስልኩ ሚሞሪ ላይ ዘፈን እየጫነ ይሸጣል። ከቀትር በኋላ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን እንደ ተከናነቡ ቀረቡና አንድ የመሰንቆ ዘፈን እንዲጭንላቸው ጠየቁት። ዘፈኑን በልጃቸው ሠርግ ጊዜ በካሴት ይሰሙት እንደ ነበረ፥ ካሴቱም ከዚሁ ከሮብ ገበያ እንደ ተገዛ ነገሩት።

«አባባ፥ ዘፋኙ ማን ይባላል?» አላቸው።

«ስሙንማ ባውቅ አንተን ምን አስጠየቀኝ» ብለው መለሱለት።

ወጣቱ ፈልጎ ፈልጎ ሲያጣው ወደ እኔ አመለከታቸው፤ ቀድሞ ካሴት ሻጭ እንደ ነበርሁ ያውቃልና። ሽማግሌውም ዜማውን ቀስ ብለው አንጎራጎሩልኝ። ዜማውን ዐወቅሁት። ካሴቱን የሸጥሁላቸውም እኔ ራሴ ሳልሆን አልቀርም። ነገር ግን የዘፋኙን ስም፥ ያሳተመውን ቤት፥ የወጣበትን ዓመት ልነግራቸው አልቻልሁም። ሽማግሌው «ይሁን፥ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ሄዱ። እኔ ግን ዐፈርሁ። የሸጠውን ዕቃ ስም የማያውቅ ነጋዴ ምን ዓይነት ነጋዴ ነው?

ይህን የማነሣው የራሴን እፍረት ለማውራት አይደለም። ነገሩ የእኛ የነጋዴዎች ሁሉ ጉድለት ስለ ሆነ ነው እንጂ። እህል ነጋዴው ገብሱ ከየት እንደ መጣና በስንት እንደ ገዛው ይጽፋል። ቡና ላኪው የቡናውን ደረጃና የመጣበትን አገር ሳያስመዘግብ አንድ ጆንያ አያስጭንም። ጨርቅ አስመጪው የጣቃውን ቍጥር በደብተሩ ይዞታል። ድምፅ ሻጩ ብቻ፥ ሸክላም ይሁን ካሴት፥ ሲዲም ይሁን ሚሞሪ፥ በእጁ ያለፈውን ዕቃ ሳይመዘግብ ከስድሳ ዓመት በላይ ነግዷል። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። እኛ ግን የሚረሳውን ቃል በሸክላና በካሴት አኑረን ስናበቃ፥ የካሴቱን ስም መልሰን ለመርሳት ተውነው።

በሌላው ዓለም ይህን መዝገብ የያዘው ማን ነበር ብለን ብንጠይቅ፥ መንግሥትም ሊቃውንትም አልነበሩም። የያዙት ነጋዴዎች ናቸው፤ የያዙትም ልክ እንደዚች ሳምንታዊ ጋዜጣችን ባለ የንግድ ጋዜጣ ላይ ነው። ስለዚህ ታሪኩን በአጭሩ ላቅርብ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ቶማስ ኤዲሰን ድምፅን ይዞ መልሶ የሚናገረውን መኪና፥ ፎኖግራፍን፥ የሠራው በ1877 ነው። በ1888 ጄሲ ሊፒንኮት የሚባል ባለገንዘብ በአሜሪካ አገር ኩባንያ አቋቋመ፤ መኪናውን ለየአውራጃው ኩባንያዎች እያከፋፈለ፥ እነርሱም ለጽሕፈት ቤቶች እንዲያከራዩት አደረገ። አሳቡ አለቃው ደብዳቤውን ለመኪናው እንዲናገርና ጸሓፊው ከመኪናው እየሰማ እንዲጽፍ ነበር። ዘፈን ለማሰማት ያሰበው ጥቂት ሰው ነው። ነገር ግን በ1889 በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ሉዊስ ግላስ የተባለ የአንዱ የአውራጃ ኩባንያ ሰው መኪናውን ከአንድ መጠጥ ቤት አቆመውና ሳንቲም ለጨመረ ሰው ሁሉ ዘፈን እንዲያሰማ አደረገው። ሳንቲሙም ጎረፈ።

የየአውራጃው ኩባንያዎች በ1890 በቺካጎ ተሰበሰቡና እያንዳንዱ የደረሰበትን ለሌላው ነገረ። በሚከተለው ዓመት፥ በ1891፥ «ፎኖግራም» የተባለ መጽሔት ማውጣት ጀመሩ። ለተቀዳ ድምፅ ንግድ ከወጡት መጽሔቶች ቀዳሚው ይህ ነው። መጽሔቱ በብዛት የሚሰብከው ለጽሕፈት ቤት ሥራ ነበር። ይሁን እንጂ ስለ ሳንቲሙ መኪና የሚመጣውን ወሬ ማተም አልቀረም። ሰብኮ ያሰበውና ገበያው ያሳየው ሁለት የተለያየ ነገር መሆኑ በራሱ ገጽ ላይ ታየ። መጽሔቱ እስከ 1893 ቆየ፤ የሊፒንኮት ኩባንያም በ1894 ወደቀ። ንግዱ ግን አልወደቀም፤ ደንበኛው የሚፈልገው ደብዳቤ ሳይሆን ዘፈን መሆኑ ታውቋልና። ዕቃ ለምን እንደሚጠቅም የሚወስነው ሠሪው ሳይሆን ገዢው መሆኑን እኛም በየረቡዑ እናየዋለን።

ከዚያ በኋላ በ1896 በኒው ዮርክ «ፎኖስኮፕ» የሚባል ወጣ፤ ይህም ስለ ድምፅና ስለ ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚጽፍ ነበር። በ1900 በበርሊን «ፎኖግራፊሼ ጻይትሽሪፍት» ተጀመረ። በ1903 በለንደን «ቶኪንግ ማሽን ኒውስ» ወጣ፤ በዚያው ዓመት የኤዲሰን ኩባንያ ለሻጮቹ የሚልከውን ወርኃዊ መጽሔት ማሳተም ያዘ። በጥር 1905 ደግሞ ኤድዋርድ ላይማን ቢል የተባለ የሙዚቃ መሣሪያ ንግድ ጋዜጣ አሳታሚ «ቶኪንግ ማሽን ዎርልድ»ን፥ ማለት «የተናጋሪ መኪና ዓለም»ን፥ በኒው ዮርክ አቋቋመ። ይህ በየወሩ እየወጣ እስከ 1920ዎቹ መጨረሻ ድረስ ቆይቷል።

በእነዚህ ገጾች ላይ ምን ይጻፍ ነበር? ከሁሉ በፊት በሚመጣው ወር የሚወጡት ሸክላዎች ዝርዝር ነበር፤ የዘፈኑ ስም፥ የዘፋኙ ስም፥ የሸክላው ቍጥር። ባለሱቁ ዝርዝሩን አይቶ ያዝዛል፤ ደንበኛው ሲጠይቀው ቍጥሩን ይነግረዋል። ቀጥሎ ከየከተማው የሚላክ የንግድ ወሬ አለ፤ በየትኛው ከተማ ምን እንደ ተሸጠ፥ ማን አዲስ ሱቅ እንደ ከፈተ። የተሰበረ መኪና እንዴት እንደሚጠገን፥ የሱቅ መስኮት እንዴት እንደሚሰናዳ፥ በዱቤ ሲሸጥ ምን ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ የሚያስተምር ገጽም ነበረ። ለተራ ሰው ንባብ የሚጥም ነገር አልነበረም። ለባለሱቅ ግን እንጀራው ነበር።

ሁሉም ነገራቸው የሚመሰገን ነው አልልም። የኤዲሰን ኩባንያ ወርኃዊ መጽሔት ዕቃውን ከተወሰነው ዋጋ አሳንሰው የሸጡትን ባለሱቆች ስም ዘርዝሮ፥ ማንም አከፋፋይ እንዳይሸጥላቸው ያስጠነቅቅ ነበር። ከሳሹም ዳኛውም ዐዋጅ ነጋሪውም ያው ኩባንያው ነው። የቀሩትም ቢሆኑ ኑሯቸው በማስታወቂያ ገንዘብ ስለ ነበረ፥ ለከፈለ ሁሉ ምስጋና ያበዙ ነበር። ከዚህም የምንማረው አለና ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ያም ሆነ ይህ፥ እነዚያ ነጋዴዎች የዕለት ጥቅማቸውን ሲያሳድዱ ሳያስቡት ትልቅ ሥራ ሠሩ። ዛሬ አንድ አሮጌ ሸክላ በእጁ የገባ ሰው መቼ እንደ ወጣ፥ ማን እንደ ዘፈነው፥ በማን እንደ ተሸጠ ለማወቅ ቢፈልግ ወደ እነዚያ የንግድ መጽሔቶች ይመለከታል። ለአንድ ወር ገበያ የታተመ ዝርዝር መቶ ዓመት አልፎት የታሪክ ምስክር ሆኗል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የተቀዳ ድምፅ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ዘግይቶ አይደለም። በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የሰላምታ ቃላቸውን በፎኖግራፍ ሰም ላይ አስቀርፀው ላኩ። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱም በሚከተለው ዓመት መልሳቸውን በዚያው መንገድ ልከዋል። ከዚያ ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ተሰማ እሸቴ ወደ ጀርመን አገር ሄደው፥ ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ ውስጥ በበርሊን ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀረፁ። ኢትዮጵያዊ ዘፈን በሸክላ ሲቀረፅ የመጀመሪያው ይህ ነው። እኚህ ሰው ነጋድራስ ተብለው ይታወቃሉ፤ ነጋድራስ ማለትም የነጋዴዎች አለቃ መሆኑን ለዚች ጋዜጣ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። እንግዲህ በአገራችን የሸክላ ዘፈን አባት የሆኑት በማዕርጋቸው የእኛው ወገን ናቸው። እሳቸው በበርሊን ሲዘፍኑ የዚያች ከተማ የድምፅ ነጋዴዎች ጋዜጣ ከተቋቋመ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር። የእኛ ግን እስከ ዛሬ አልተቋቋመም።

ከጦርነቱ በኋላ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በ1969 ወጣቱ አምኃ እሸቴ ይህን ገደብ ተዳፍሮ በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ጀመረ፤ የመጀመሪያውም የዓለማየሁ እሸቴ ዘፈን ነበር። በአገር ውስጥ ሸክላ ማተሚያ ስላልነበረ ቅጂውን እንደ ሕንድና እንደ ሊባኖስ ወዳሉ አገሮች እየላከ ያሳትም ነበር። እስከ 1975 ድረስ አንድ መቶ ያህል ትንንሽ ሸክላዎችና ዐሥራ ሁለት ያህል ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ። ከእርሱ ጎን ካይፋና ፊሊፕስ ነበሩ። ከዚያም ካሴት መጣና ሸክላን ከገበያ አስወጣው፤ የድምፅ ንግድም ከአዲስ አበባ ወጥቶ እስከ እኛ ገበያ ድረስ ደረሰ።

ከዚህ ሁሉ ምን ተጽፎ ቀረ? በሸክላው መካከል ላይ በተለጠፈችው ክብ ወረቀት ያለው ብቻ። ነገር ግን ያች ወረቀት የሠራችውን ሥራ ተመልከቱ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያን ዘመን ሙዚቃ «ኢትዮፒክስ» በተባለ ተከታታይ ሥራ በፈረንሳይ አገር መልሶ አወጣው። የነጋድራስ ተሰማም ዘፈን ከመቶ ዓመት በኋላ በዚሁ ተከታታይ ውስጥ ታትሟል። የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በ2005 በአንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ተሰምቶ በዓለም ታወቀ። የማሕሙድ አሕመድና የጌታቸው መኩሪያ ስም በኤውሮፓ አዳራሾች ተጠራ። እነዚህ ሰዎች በሙያቸው ታላላቅ መሆናቸው አይካድም። ቢሆንም ስማቸው በወረቀት ላይ ባይቀር ኖሮ ፈላጊያቸው በምን ያገኛቸው ነበር?

የእኛ አገር ባለመሰንቆ ግን ይህን ዕድል አላገኘም። ከደብረ ማርቆስ እስከ ቢቸና፥ ከደጀን እስከ ደምበጫ በየገበያው በየሠርጉ የተቀዳው ካሴት ሽፋኑ ተቀዷል፤ በላዩ በእስክሪብቶ «ቍጥር 2» ወይም «የጎጃም ዘፈን» ተብሎ ከመጻፉ በቀር ምንም የለበትም። እኔ ራሴ በሁለት ካርቶን የቀሩኝን ባለፈው እሑድ አውጥቼ ቈጠርሁ። አንድ መቶ ዐሥራ አራት ካሴት አገኘሁ። የዘፋኙ ስም በግልጽ የሚነበብባቸው ዐርባ አንድ ብቻ ናቸው። ዓመተ ምሕረት ያለባቸው ደግሞ ዘጠኝ።

መዝገብ ባለመኖሩ የተጎዳው ዘፋኙ ብቻ አይደለም፤ ኪሳችንም ተጎድቷል። በ1990ዎቹ፥ በእኛ አቈጣጠር ማለቴ ነው፥ ስሙን ከማልጠራው አንድ አከፋፋይ ለፋሲካ ገበያ አንድ ካርቶን አዲስ ካሴት ገዛሁ። ሽፋኑ አዲስ ነበር። ዘፈኑ ግን ካለፈው ዓመት የሸጥሁት ያው ዘፈን ሆኖ ተገኘ፤ ዐሥር ያህሉም በአንድ ወገናቸው ባዶ ነበሩ። ደንበኞቼ እየመለሱ አምጥተው በገበያ መካከል «ሌባ» ተባልሁ። አከፋፋዩን ብጠይቀው ካሴቱ አዲስ ስለ መሆኑ ከእኔ ምስክር ፈለገ። በየወሩ የሚወጡትን ካሴቶች ስምና ቍጥር የያዘ አንድ ገጽ ወረቀት ቢኖረኝ ኖሮ፥ ካርቶኑን ሳልከፍት በመለስሁት ነበር። ከእናንተ መካከል ይህን የመሰለ ነገር ያልደረሰበት የቀድሞ ካሴት ሻጭ ካለ ዕድለኛ ነው።

አንዳንድ አንባብያን «ይህ ያለፈ ነገር ነው፤ ዛሬ ሁሉም በስልክና በዩቲዩብ ሆኗል፤ የሞተ ንግድ መዝገብ ምን ይሠራለታል?» እንደሚሉ ዐውቃለሁ። መልስ አለኝ።

መጀመሪያ፥ ንግዱ አልሞተም፤ ዕቃው ተለወጠ እንጂ። ከሱቄ አጠገብ ያለው ወጣት በአንድ ረቡዕ የሚጭነውን ዘፈን እኔ በአንድ ወር አልሸጥሁትም። ባለመሰንቆውም በየሠርጉ አዲስ ዘፈን እየዘፈነ፥ የሰማው ሁሉ በስልኩ እየቀዳው ነው። ስም አልባነቱ ግን ከካሴቱ ዘመን ይልቅ ዛሬ ብሷል። ካሴት ቢያንስ ሽፋን ነበረው፤ በሚሞሪ ላይ ያለው ዘፈን «ኦዲዮ 0017» ተብሎ ይቀመጣል።

ሁለተኛ፥ የሕግ ጕዳይ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 410/1996 ለከዋኙና ድምፁን ለቀረፀው ሰው የ50 ዓመት መብት ሰጥቷል። ግን 50 ዓመት ከመቼ ጀምሮ ይቈጠራል? መነሻው ካልታወቀ መድረሻው በምን ይታወቃል? ባለመብቱስ ማን መሆኑ በምን ይረጋገጣል? ዓመተ ምሕረትና ስም የሌለው ካሴት ላይ ሕጉ መልካም ሆኖ ሳለ እጁ አጭር ነው። ዘፋኙ ወይም ልጁ መብቱን ለመጠየቅ ሲነሣ የሚያቀርበው ማስረጃ፥ እኛም ሳናውቅ የሰው መብት ሸጠን እንዳንከሰስ የምናመሳክርበት ነገር ያስፈልጋል። አንድ የታተመ መስመር ለሁለታችንም ይጠቅማል።

ሦስተኛ፥ ጊዜው አጭር ነው። የካሴት ክር በእርጥበትና በጢስ ይበላሻል፤ እርስ በርሱም ይጣበቃል። ከክሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የሰዉ ዕድሜ ነው። ያን ዜማ ሰምቶ «ይህ እገሌ ነው» ለማለት የሚችሉት ሽማግሌዎች በየዓመቱ እያነሱ ነው።

ስለዚህ ለምክር ቤታችንና ለዚች ጋዜጣ አዘጋጆች የሚከተለውን አሳብ በአክብሮት አቀርባለሁ።

አንደኛ፥ በወር አንድ ጊዜ ግማሽ ገጽ ለድምፅ ንግድ ይለቀቅ። በዚያ ላይ አዲስ የወጣው ዘፈን በአንድ አንድ መስመር ይውጣ፤ የዘፈኑ ስም፥ የዘፋኙ ስም፥ የመሰንቆ ወይም የዋሽንት ተጫዋቹ ስም፥ የተቀዳበት ቦታና ቀን፥ የሚሸጠው ሰው። ከዚህ የሚበልጥ አያስፈልግም።

ሁለተኛ፥ በዚያው ገጽ ላይ የአሮጌ ካሴቶች ዝርዝር በየተራ ይውጣ። እያንዳንዱ ባለሱቅ በመጋዘኑና በቤቱ ያለውን ይመዝግብ፤ በሽፋኑ ላይ ያለውን ቃል ምንም ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይገልብጥ። ስሙ ያልታወቀውን «ያልታወቀ» ብሎ ይጻፍ፤ የሚያውቅ አንባቢም ለአዘጋጆቹ ይንገር። መመዝገብ ማለት ማባዛት አይደለም፤ ስለዚህ የማንንም መብት አይነካም።

ሦስተኛ፥ ምዝገባው በነጻ ይሁን፤ ማስታወቂያ ግን በተለየ ቦታ «ማስታወቂያ» ተብሎ በገንዘብ ይውጣ። ምስጋናና መዝገብ ከተቀላቀሉ መዝገቡ እንደማይታመን ከአሜሪካኖቹ መጽሔቶች ተምረናል።

አራተኛ፥ በዕቃ ማታለል ምክንያት አቤቱታ ሲቀርብ የተከሰሰው ነጋዴ መልስ ሳይሰጥ ስሙ አይታተም፤ መልሱም ከአቤቱታው ጎን እኩል ስፍራ ይሰጠው። በአንድ ወገን ቃል የነጋዴን ስም ማጥፋት የኤዲሰን ኩባንያ ያደረገው ነው፤ ለእኛ አይበጀንም።

ወጪው ምን ያህል ነው ቢባል፥ በወር ግማሽ ገጽ ወረቀትና የአንድ ሰው ግማሽ ቀን ሥራ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው፥ ከሃያ ሱቅ ሃያ ዝርዝር ቢመጣ የጎጃም የተቀዳ ድምፅ የመጀመሪያው መዝገብ በአንድ ዓመት ውስጥ በእጃችን ይሆናል። ይህን ሥራ ከሩቅ አገር ሊቅ መጥቶ እንዲሠራልን መጠበቅ አይገባንም። ሊቁ ቢመጣም የሚጠይቀው እኛኑ ነው፤ የሸጥነው እኛ ነንና።

እኔ በበኩሌ የዐርባ አንዱን ካሴቶች ዝርዝር ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ከዚች ጽሑፍ ጋር ለአዘጋጆቹ ልኬዋለሁ። ስም የሌላቸውን ሰባ ሦስቱን ደግሞ በሚመጣው ረቡዕ ከሱቄ ደጃፍ አንድ በአንድ አሰማለሁ። ሽማግሌዎችና እናቶች፥ ቀድሞ በሠርግ የዘፈናችሁም ሁሉ፥ ኑና አድምጡልኝ፤ ማን እንደ ሆነ ንገሩኝ፤ እኔም እጽፋለሁ። የጋቢው ሽማግሌ ከመጡም የፈለጉት ዜማ ከእነዚያ ውስጥ ይገኝ ይሆናል።